የጋሽ ሌላስ ካርዶች

በርሜሉ ገና ይጨሳል። አርብ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ጓሮ በሰው ተሞልቷል፤ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ጥበቃው፣ መጥረጊያዋን የተደገፈችው የጽዳት ሠራተኛ ሳይቀሩ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«የሞተ ሰው አለ?» አልኩት ሳጅኑን።

«እስካሁን የለም። ሽማግሌው መምህር ሆስፒታል ናቸው። ይሄን ሲያዩ ነው የወደቁት» አለና በርሜሉን በአገጩ አሳየኝ። «ስትሮክ ነው አሉ። አፋቸው ተይዟል።»

ምክትል ዳይሬክተሩ ሳልጠራው መጣ። ክራቫቱ እንኳ ዝንፍ አላለም።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ ከግድያ በምን ይለያል?» አለኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት የለፉበት ሥራ እኮ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ላይ ከቦርድ ሰብሳቢው ጋር ቁርስ እየበላሁ ነበር፤ ስልክ ሲደወልልኝ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።»

አንድ ሰዓት ላይ የት እንደነበረ አልጠየቅኩትም ነበር። ሰው ሲደነግጥ ብዙ ያወራል ብዬ አለፍኩት።

ሥራው ምን እንደሆነ ግን ጠየቅኩት። ሽማግሌው የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰበስቡ የኖሩት፣ ሰው በየቀኑ የሚናገራቸውን ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሠላሳ ትርጉም ያለውን። ለምሳሌ «ራይት» ቀኝም ነው፣ ትክክልም ነው፣ መብትም ነው። እያንዳንዱን ትርጉም በወፍራም ካርድ ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። ካርዱ ከአራት ሺህ አልፏል። ተማሪዎች «ጋሽ ሌላስ» ይሏቸዋል፤ አንድ ትርጉም ነግሯቸው ለተቀመጠ ተማሪ ሁለት ጣታቸውን ያነሱና «ሌላስ?» ይሉታል። ሁለተኛውን ሳያመጣ እጃቸው አይወርድም።

እጅጌዬን ሰብስቤ አመዱን አየሁት። ከላይ ግማሽ ጎናቸው የተረፈ አስር የሚሆኑ ወፍራም ካርዶች አሉ፤ የሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ ይነበባል። ከሥር ያለው የስስ ወረቀት አመድ ነው፣ ሲነኩት ብን ይላል። በአመዱ መሃል ትንንሽ ሽቦዎች እጄን ወጉኝ። የስቴፕለር ሽቦ ነው፣ በመቶ የሚቆጠር። አንድ እፍኝ ዘግኜ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ።

«ምን ይሠራልናል አለቃ?» አለ ሳጅኑ።

«አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የምይዘው።»

ቢሮው አልተሰበረም። ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቷል፤ ሰው ሁሉ ሽማግሌው ጠዋት ከፍተው የተዉት ነው አለ። አስራ ሁለቱ መሳቢያዎች ባዶ ናቸው።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው ያለው?» አልኩ።

ምክትሉ ተከዘ። መናገር የከበደው ሰው ይመስል ነበር። «እሳቸው ጋና ረዳታቸው ጋ። ወጣቷ መምህርት። እኔ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም… ግን ትናንት ጮሃባቸዋለች። ‹እሳት ይበላዋል› ስትል ያልሰማ የለም።»

ጥበቃውም ጨመረበት። ልጅቷ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር እያላተመች ወጥታለች። ሽማግሌው አስራ አንድ ተኩል ላይ ሄደዋል። እሷ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሳ ገብታ፣ አስር ደቂቃ ቆይታ ወጥታለች።

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«አለቆች አሉ እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም» አለኝ።

ወደ መኪናችን ሳልደርስ አዛዡ ደወለ። «ያዢያት፣ አናግሪያት፣ ፋይሉን ዝጊ። ምክትሉ ልጆቼን ያስተማረ ሰው ነው፣ ስሙ በከንቱ እንዳይነሳ።»

«ፋይል የምዘጋው ሲያልቅ ነው» አልኩት።

ጣቢያው ውስጥ «ግትሯ» የሚሉኝ በዚህ ነው። ሲሉኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ወጣቷ መምህርት ጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ትናንት ምን ብለሽ ነው የጮኽሽባቸው?»

«‹አንድ ቀን እሳት ይበላዋል፣ ያኔ ያስታውሱኛል› ነው ያልኩት። አልክድም።»

«ለምን?»

«ካርዱ ቅጂ የለውም። ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባው ብዬ ሦስት ዓመት ለመንኳቸው። ‹ገና አላለቀም› ነው መልሳቸው። ተናደድኩ። የማልወደው ሰው ወረቀት ቢቃጠል ምን ገዶኝ?»

«አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ለምን ተመለስሽ?»

«ይቅርታ ልጠይቃቸው። ሄደው ነበር። ወረቀት ጽፌ በበራቸው ሥር አሾልኬ ወጣሁ።»

«እንዲህ ያለ ወረቀት አልተገኘም።»

«ታዲያ ፈልጉዋ! ፖሊሶቹ እናንተ አይደላችሁ እንዴ?»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ቀጠለና ድምፁን አለስልሶ፣ «እህቴ፣ ካመንሽ ይቀልልሻል። ሽማግሌው ቢሞቱ ነገሩ ሌላ ነው የሚሆነው» አላት።

የቢሮውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይኸው ቁልፌ። ዛሬ ጠዋት ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ፣ የሚመሰክርልኝ የለም። ብታስሩኝም፣ ከማስተማር ብታግዱኝም፣ ያላደረግኩትን አላምንም።»

እውነቱን ልናገር፣ ወደድኳት። መውደድ ማስረጃ አይደለምና ለራሴ ያዝኩት።

ለመርማሪ የማይገባ ጥያቄ ግን ከአፌ አመለጠ። «ካርዶቹ ውስጥ ‹ፋይን› የሚል ነበር?»

«አለ እንጂ። ምነው?»

አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ትራፊክ የሚሰጠው ወረቀት ላይ «ፋይን» የሚል ስለነበር ቃሉን ከቤት ነው የማውቀው። መምህሩ ትርጉሙን ሲጠይቅ እጄን አውጥቼ «ቅጣት!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩም ሳቀ፤ «‹ደህና› ማለት ነው፣ አንቺን ግን ቅጣት ይገባሻል» ብሎ ጥግ አቆመኝ። ትምህርት እስክጨርስ ስሜ «ቅጣት» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ አልወድም።

ይሄን ሁሉ ለተጠርጣሪ ነገርኩ። ሳጅኑ ጣሪያውን ያያል።

«እርስዎ ልክ ነበሩ እኮ» አለች ልጅቷ። «ቅጣትም ማለት ነው። ጋሼ ቢሆኑ ሁለት ጣታቸውን ነበር የሚያነሱልዎት።»

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። «ካርዱ እንዴት ነው የሚዘጋጀው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«አንድ ትርጉም፣ አንድ ካርድ። ከትርጉሙ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ዓረፍተ ነገር ደግሞ አይፈጥሩም፤ የዚያን ቀን የሰሙት ወይም የደረሰባቸው ነገር መሆን አለበት። ቀንና ሰዓቱንም ይጽፉበታል። ከዚያ የአንድ ቃል ካርዶችን አንድ ላይ በመርፌና ክር ይሰፏቸዋል።»

«በክር? በስቴፕለር አይሻልም?»

«ስቴፕለር!» ብላ ሳቀች፤ ከመጣች የመጀመሪያ ሳቋ ነው። «ሽቦ ይዝጋል፣ ካርዱን ይበላዋል ይላሉ። እኔ አንድ ጊዜ በስቴፕለር ባያይዝ ሳምንት አኮረፉኝ። እዚያ ቢሮ ስቴፕለር የሚባል ዕቃ አይገባም።»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ሽቦው ተንኮሻኮሸ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከበርሜሉ።»

አየችው። አየችኝ። ቀስ ብላ ተነሳች። «ታዲያ… ምንድን ነው የተቃጠለው?»

ሆስፒታል የሄድነው ከምሳ በኋላ ነው። ነርሷ የሽማግሌውን ዕቃ አሳየችን፤ መነጽር፣ መሃረብ፣ ቀይ የክር ጥቅልል፣ መርፌ የተሰካበት ጨርቅ። ራሳቸው ግድግዳውን እያዩ ተኝተዋል። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ግራቸው ደህና ነው፣ ግን አያንቀሳቅሱትም።

«አፋቸውን ለምግብ አይከፍቱም» አለን ሐኪሙ። «መድኃኒቱ የራሱን ይሠራል። እሳቸው መዳን ካልፈለጉ ግን እስከ መቼ እንደማቆያቸው እንጃ።»

ጎንበስ አልኩና በጆሯቸው፣ «ጋሼ፣ የተቃጠለው የእርስዎ ካርድ አይመስለኝም» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በገዛ ዓይናቸው ያዩትን አመድ በእኔ ወሬ የሚተዉት ሰው አልነበሩም። ወሬዬን ትቼ ካርዱን ይዤ መምጣት ነበረብኝ፤ ያውም ቶሎ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመለስ ጥበቃውን በርሜሉ ለምን እንደሚያገለግል ጠየቅኩት። «ለቆሻሻ ነው። አርብ አርብ ጠዋት ይቃጠላል» አለኝ። እንዲህ ቀላል ነገር ጠዋት አለመጠየቄ አናደደኝ።

የጽዳት ሠራተኛዋን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አገኘኋት፤ ስልሳ የተጠጋች ሴት ናት። ጠዋት ለሳጅኑ «ስመጣ ሲነድ አገኘሁት» ብላው ነበር።

«እናቴ፣ አርብ አርብ ቆሻሻውን የሚያቃጥለው ማን ነው?»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ሰውየውን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ላይ መጣሁ፣ በርሜሉ ጢም ብሏል፣ ጆንያ ተደርጎበታል። እንደ ሁልጊዜው ጋዝ ጠብ አድርጌ ለኮስኩት። ማንበብ አልችልም፤ ወረቀት ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። ጆንያው ተቃጥሎ ሲያልቅ የእሳቸው ካርድ ብቅ አለ።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ስሜን መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ ልናገር?»

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሽቦውን መዳፌ ላይ አደረግኩላት። «ጋሼ ካርዳቸውን በዚህ ያያይዛሉ?»

አየችው። «በፍጹም! እሳቸው መርፌና ክር ነው የሚይዙት። ክሩን የምገዛላቸው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ያቃጠሉት የእሳቸውን ሥራ አይደለም። ከላይ ጥቂት ካርድ ጣል ተደርጎበት ነው እንጂ ከሥር ያለው ሌላ ወረቀት ነው። በስቴፕለር የተያያዘ ብዙ ወረቀት ያለው የት ነው?»

ቀና ብላ ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ አየችና አፏን ያዘች። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ አቧራው ላይ የወረቀት ክምር ቅርጽ ቀርቷል።

«የድሮ የተማሪ ፈተና ነበር እዚህ! ረቡዕ ስጠርግ ሞልቶ ነበር።»

«የዚህ ክፍል ቁልፍስ?»

«አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ምክትሉ ጋ።»

ወጥቼ ጥበቃውን ያዝኩት። «ጠዋት ‹አለቆች› ያልከኝ ማንን ነው?»

«ምክትል ዳይሬክተሩን ነዋ። መኪናቸው ማታ አንድ ሰዓት አልፎ ነው የወጣችው። አለቃ ሰው ነው እንዴ ብዬ አልቆጠርኳቸውም።»

ሳጅኑ ይሄን ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ምክትሉ የጠዋት አንድ ሰዓት ቁርሱን ለምን እንደነገረኝ ገብቶኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። እሳቱን የሚለኩሰው ሰው አርብ ጠዋት ሳይጠራ እንደሚመጣ ያውቃል፤ እሱ በዚያ ሰዓት ከትልቅ ሰው ጋር መታየት ብቻ ነበረበት።

አዛዡ ወንበሩን ወደ ኋላ አንጋሎ ሰማኝ።

«የስቴፕለር ሽቦ ይዘሽ ነው የዚያን ሰው ቤት ልትፈትሺ የምትጠይቂኝ?»

«ሽቦም፣ ባዶ መደርደሪያም፣ የጥበቃ ቃልም ይዤ ነው።»

«የተጠረጠረችው ልጅ ታስራለች። ዛቻ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ በሰዓቱ እዚያ ተገኝታለች። ነገ ስድስት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እስከዚያ ከእኔ ጋር ትወጣለች። ካርዶቹን የምታውቃቸው እሷ ናት።»

«ተጠርጣሪ ይዘሽ ከተማ ልትዞሪ?»

«በፊርማዬ።»

«ሥራሽን ታጫለሽ፣ ስሚኝ።»

«ውሰደዋ!» አልኩ ከወንበሬ ተነስቼ። «አንድ ጊዜ ልክ ሆኜ ጥግ ቆሜያለሁ። ሁለተኛ አልቆምም።»

ምን እንደምል አልገባውም። ልጅቷን የማስወጫ ቅጹን ግን ፈረመልኝ፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ብዕር አስቀምጬ ቆሜ ስለጠበቅኩት ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን በእግር ወጣን። ልጅቷ ካቴና የላትም። መሃላችን ሆና እየተራመደች ታስባለች።

«ካርዱን የወሰደ ሰው ምን ያደርግበታል?» አልኳት።

«መጽሐፍ። ዳይሬክተሩ በሁለት ወር ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ። ቦርዱ በቦታቸው የሚፈልገው የታተመ ሥራ ያለው ሰው ነው። ምክትሉ እስከ ዛሬ ያሳተመው ነገር ቢኖር የሠርጉን መጥሪያ ነው።»

«ራሱ ይተይበዋል?»

«እሱ? ደብዳቤ እንኳ በሰው ነው የሚያስጽፈው። አራት ሺህ ካርድ፣ ያውም አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት። ሁለቱንም ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል፤ ቦርዱ ሳይሰበሰብ መድረስ አለበትና።»

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ፎቶኮፒ ብቻ ነው። ሁለተኛው በአማርኛ ብቻ እንጽፋለን አለን። ሦስተኛው ውስጥ አንዲት ቀልጣፋ ሴት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ወረፋ አለ፣ ማክሰኞ ኑ» አለችን። አመስግነን ወጣን። አራተኛው ጋ ልንገባ ስንል ሳጅኑ አንድ እግሩን አንስቶ ጫማውን መረመረ።

«ምንድን ነው የተጣበቀብኝ?» አለ።

ቀይ ክር ነበር። አጭር፣ በመቀስ የተቆረጠ።

ልጅቷ ማንንም አልጠበቀችም፣ ሮጣ ተመለሰች። ስንደርስ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካለች። ወለሉ የልብስ ሰፊ ቤት ይመስላል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር የክር ቁርጥራጭ።

«ልብስ ትሰፊያለሽ እንዴ?» አልኳት ጸሐፊዋን መታወቂያዬን አሳይቼ።

«ኧረ የምን ልብስ፣ ወረቀቱ ነው እቴ! ማን እንደሰፋው እንጃ፣ እጄ እስኪላላጥ ቆረጥኩ። ሰውየው ‹ክሩን በጣጥሺና ቶሎ ጻፊልኝ› አሉኝ።» ከጎኗ ያሉትን ሦስት ካርቶኖች አሳየችኝ። «ምነው፣ ጥፋት አለው?»

ልጅቷ ካርዶቹን አቅፋ አለቀሰች። ስትታሰር አላለቀሰችም ነበር። «በጠሷቸው። አንድ ላይ የነበሩትን ሁሉ በጠሷቸው» ትላለች።

ስክሪኑ ላይ የመጽሐፉ የፊት ገጽ ተከፍቷል። አዘጋጅ ተብሎ የተጻፈው የምክትሉ ስም ነው፣ ከነማዕረጉ።

ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ፣ ከካርዶቹ መሃል፣ ለሁለት የታጠፈ ብጣሽ ወረቀት ወጣ። ሰውየው በጥድፊያ ወለሉ ላይ ያለውን ሁሉ አፍሶ ኖሯል። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ‹አላለቀም› ካሉ አላለቀም። ነገ ጠዋት አዲስ ክር ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ልጅቷ ካርዶቹን እንዳቀፈች ቀና አለች። «ፈልጉ ብያችሁ ነበር» አለችን።

«ብለሽናል» አላት ሳጅኑ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«አሁን የመጨረሻውን ካርድ ፈልጊልኝ» አልኳት። «ሐሙስ፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላ የጻፉት ካለ።»

ቀኑን እያየች አገላበጠች። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዱን ይዛ ቀረች። ተቀብያት አነበብኩና ኪሴ ከተትኩት።

ምክትል ዳይሬክተሩ ቅዳሜም ቢሮው ነበር። ልጅቷን ከኋላዬ ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምን ማለት ነው ይሄ? እስረኛ ይዘው…»

«ይቀመጡ። ካርዶቹን አግኝተናል፣ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ።»

ወዲያው ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰ። «ልነግርዎት ነበር። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ፤ በጋራ ልናሳትም ተስማምተን ነበር። ይጠይቋቸው።»

«መናገር እንደማይችሉ ያውቃሉ።»

«በጣም ያሳዝናል።»

«በርሜሉ ውስጥ የተቃጠለው ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ጠዋት ቁርስ ላይ ነበርኩ አልኩዎት።»

«አዎ፣ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ለመሆኑ ካርዶቹን አንብበዋቸዋል?»

«እንዴታ! አንድ በአንድ ነዋ። የመጽሐፉ አዘጋጅ ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው ይሄን ያስታውሱታል» ብዬ የመጨረሻውን ካርድ ፊቱ አስቀመጥኩ። «ለሁላችንም ያንብቡልን።»

አንስቶ ጀመረ። «‹ሪተርን፤ የወሰዱትን መመለስ። ሐሙስ፣ አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ። ምክትል ዳይሬክተሩ መስኮቱን አስጠግናለሁ ብሎ የቢሮዬን ቁልፍ…›» ክው ብሎ ቀረ።

ልጅቷ ጨረሰችለት። «‹…የቢሮዬን ቁልፍ ወሰደ። ነገ ጠዋት ይመልስልኛል።›»

«ይሄ ምሳሌ ነው!» አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። «የቋንቋ ምሳሌ፣ ለትርጉሙ ማሳያ የፈጠሩት ዓረፍተ ነገር!»

«ጋሼ አይፈጥሩም» አለች። «አስራ አምስት ዓመት በአንድ ኮሪደር ሠርተው ይሄን አያውቁም? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን?»

«ካርዱ ሰዓት አለው» አልኩት። «እሷ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖታል። በሩ ላይ ተሰክቶ ያገኘነው ቁልፍ ከእርስዎ እጅ የመጣ ነው። ግምጃ ቤቱንም የሚከፍቱት እርስዎና የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ናችሁ። መስኮቱን አየሁት፤ ምንም አልሆነም።»

ክራቫቱን ላላ አደረገ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። «ማን ሊያነበው ነበር? መሳቢያ ውስጥ ሊበሰብስ እኮ ነው! ‹አላለቀም፣ አላለቀም› እያሉ። እኔ ቢያንስ ለሰው አደርሰው ነበር።»

እዚህ ላይ ትንሽ እውነት ነበረው፤ እሷም ሐሙስ ዕለት የጮኸችው ለዚሁ ነው። ቀና ብላ አየችው።

«በማን ስም?» አለችው።

ሳጅኑ ክንዱን ያዘው።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አዛዡ ደወለ። «ልጅቷ የት አለች?»

«ነፃ ናት። ልጆችህን ያስተማረው ሰውዬ ደግሞ እየመጣልህ ነው፣ ወንበር አዘጋጅለት» ብዬ ዘጋሁት። ሥራዬን ይውሰድ አይውሰድ በዚያች ሰዓት ደንታ አልነበረኝም።

ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ የጽዳት ሠራተኛዋን ደጃፉ ላይ አገኘናት። ማን እንደነገራት አላውቅም። ነርሷ «ሦስት ሰው አይገባም» አለችን። ገባን።

ሽማግሌው ግድግዳውን እያዩ ነው። ካርቶኖቹን አልጋው ሥር ደረደርን። የጽዳት ሠራተኛዋ ቀዩን ክር ከኮሞዲኖው አንስታ መርፌው ውስጥ ለማስገባት ትታገላለች። ልጅቷ አንድ ካርድ በእጃቸው ልታስይዛቸው ሞከረች፣ ጣታቸው አልጨበጠም። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አለ እኮ፣ አልተቃጠለም» ብትላቸውም ዓይናቸውን አልከፈቱም። ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ጣቢያ ውስጥ እንኳ ያላየሁት ነበር።

«‹ፋይን›ን ስጪኝ» አልኳት።

ፈልጋ ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጮክ ብዬ ሳነብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መጀመሪያዬ ነው። እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ፋይን» አልኩ። «ደህና ማለት ነው።» ካርዱን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩ።

የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ከዚያ አንሶላው ተንቀሳቀሰ። ግራ እጃቸው ቀስ እያለች ወጣች፤ መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ ሁለት።

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የጽዳት ሠራተኛዋ መርፌውን ጣለች።

«ቅጣት!» አልኩ። ኮሪደሩ እስኪሰማ ነው ያልኩት። የሳቀብኝ የለም፤ ጥግ ያቆመኝም የለም። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግኩትም።

ሽማግሌው ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው አዩኝ። ሁለቱ ጣቶች ግን አልወረዱም።

«ሌላም አለው እንዴ?» አልኳት ልጅቷን።

«አራት አለው» አለችኝ እያለቀሰች፣ እየሳቀችም። «ገና አላለቀም።»

ወንበር ስቤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩና ሌላውን ካርድ እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ።